ላኮክ፦ ታሪካዊ የእንግሊዝ ገጠር መንደር

ላኮክ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሸር ግዛት፣ ከቺፐናም ከተማ በስተደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኤቨን ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕንፃዎቿ ሁሉ የሚልቀው ገዳሟ ነው። የሳልዝበሪዋ መስፍን ሚስት ኤላ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1232 ለሴት መነኮሳት መሠረተችው፤ ኋላም ራሷ መንኩሳ እመ ምኔት ሆነችበት። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲያዘጋ ይህም በ1539 ተዘጋ፤ የገዛው ዊልያም ሻሪንግተን ቤተ ክርስቲያኑን ቢያፈርስም መነኮሳቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለ ቅስት መተላለፊያ ሳይነካ ሌላውን መኖሪያ ቤት አደረገው። በዚሁ ቤት ወራሹ ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በነሐሴ 1835 አንድ መስኮት ፎቶግራፍ አነሣ። ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጠው ይህ ምስል እስከ ዛሬ ከቆዩት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች (ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የሚታይባቸው ምስሎች) ሁሉ ቀዳሚው ነው። ታልቦት ስለ ምስሉ በጻፈው ማስታወሻ፣ ምስሉ በተነሣ ጊዜ 200 ያህሉን የመስኮቱን መስተዋቶች በማጉያ መነጽር መቁጠር ይቻል እንደነበር ገልጿል።

የደብሩ ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ ምእመናን ዘንድም ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሚታወቀው በሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሰየመ ነው። የመንደሯ ሰዎች በሱፍ ንግድ ሀብት ባፈሩባቸው በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ክፍሉ እንደገና ተሠርቷል። ገበሬዎች እህል፣ ቆዳና የበግ ጠጉር በአሥራት ያስገቡበት የነበረው የ14ኛው መቶ ዘመን ጎተራም አልፈረሰም፤ ከጎኑ ሰካራሞች ስካራቸው እስኪበርድ የሚታሰሩባት፣ ጣሪያዋ ጉልላት የመሰለ ጠባብ የድንጋይ ክፍል አለች። በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ ከመሬት ተነሥተው እስከ ጣሪያው ጫፍ የሚደርሱ ጎባጣ ግንዶች በግልጽ ይታያሉ። ጣሪያውን የሚሸከሙት ግድግዳዎቹ ሳይሆኑ እነዚህ ግንዶች ናቸው፤ የመካከለኛው ዘመን አናጢዎችን ብልሃት እንዲህ በቀላሉ የሚያሳይ ቤት ማግኘት አዳጋች ነው።

መንደሯ ይህን ያህል ሳትለወጥ የቆየችው ገዳሙና አብዛኞቹ ቤቶች ለብዙ ዘመን በአንድ ቤተሰብ እጅ ስለነበሩ ነው። ማቲልዳ ታልቦት በ1944 ሁሉንም ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አስረከበች፤ ድርጅቱም ቤቶቹን ለነዋሪዎች ያከራያል። በመሆኑም መንደሯ ሰው የሚኖርባት እንጂ ለጎብኚ ብቻ የቆመች አይደለችም፤ ሕፃናት የሚማሩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት። ጆርጅ በተባለው ጥንታዊ መጠጥ ቤት ምድጃ አጠገብ፣ ውሻ በውስጡ እየሮጠ የሥጋ መጥበሻውን ያሽከረክርበት የነበረው መንኰራኩር ዛሬም ይታያል። ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ማወቅ የሚሻ በገዳሙ መግቢያ በታልቦት ስም የተሰየመውን ሙዚየም ያገኛል፤ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ ግን ቺፐናም ወርዶ ቀሪውን መንገድ በአውቶቡስ ይጓዛል።