ሳይሸነፉ ባንዲራ መጠቅለል፦ «ኢንአክቲቬሽን» ምንድን ነው?

አሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ዘመድ ያለው ሰው «ሻለቃ ጦራችን ኢንአክቲቬት ሊደረግ ነው» የሚል ነገር ሰምቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ያስደነግጣል። «ጦሩ ተበተነ» ሲባል ትዝ የሚለን 1983 ዓ.ም. ነዋ! ኢንአክቲቬሽን ግን መበተን አይደለም። ለመበተን ሌላ ቃል አላቸው።

አሜሪካኖች አንድን የጦር ክፍል ከሰዎቹ ለይተው እንደ ስም ይይዙታል። ክፍሉ ኢንአክቲቬት ሲደረግ ሰዎቹ ሌላ ቦታ ይመደባሉ፣ መኪናውና ሬዲዮው ለሌላ ይሰጣል። ስሙና የዘመቻ ታሪኩ ግን መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ካስፈለገ ከዓመታት በኋላ አውጥተው አዲስ ሰው ይመድቡበታል።

ሥነ ሥርዓቱን አንዴ ማየት ነው። የመገናኛ ሻለቃ ባንዲራ ብርቱካናማ ነው፤ ዘርፉ ነጭ። ከዘንጉ ጫፍ የዘመቻ ጥብጣቦች ይንጠለጠላሉ። የቬትናሙ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ ሦስት ቀይ መስመር አለው። ባንዲራው ዘንጉ ላይ ይጠቀለላል፤ ሽፋን ይለብሳል። አለቀ። የሚገርመው፣ ወደ ጦርነት ሲሄዱም ያንኑ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ያኔ ሲደርሱ ሽፋኑን ያወልቁታል።

13ኛው የመገናኛ ሻለቃን እንይ። የ1ኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር የሬዲዮና የስልክ ሥራ የእሱ ነበር። ክፍለ ጦሩ በ2004 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ዘመተ፣ በ2005 ቴክሳስ ፎርት ሁድ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የሻለቃው ባንዲራ ተጠቀለለ። ሥራው ስለተበላሸ አይደለም። ሥራው ራሱ ቦታ ስለቀየረ ነው።

በ2003 ጦሩ ወደ ባግዳድ ሲገሰግስ ችግሩ ፊት ለፊት ታይቶ ነበር። የክፍለ ጦር መገናኛ የሚሠራው መኪና አቁሞ፣ አንቴና ተክሎ፣ አንዱን አንቴና ከሌላው ጋር አስተያይቶ ነበር። ታንኩ ደግሞ አይጠብቅም። አንቴናው ተተክሎ ሳያልቅ የሚገናኙት ሰዎች ርቀው ሄደዋል። መፍትሔው ሳተላይት ሆነ። በዚያው ሰሞን ጄኔራል ፒተር ሹሜከር የሚመሩት የምድር ጦር ብርጌዶችን ለብቻቸው መዝመት እንዲችሉ አድርጎ እንደገና አዋቀረ። እያንዳንዱ ብርጌድ የራሱ የመገናኛ ሻምበል ጦር ተሰጠው። ታዲያ ክፍለ ጦሩ ሥር ያለው ሻለቃ ምን ይሥራ? የሌሎች ክፍለ ጦሮች የመገናኛ ሻለቆችም እንዲሁ አንድ በአንድ ተዘጉ።

ከጦርነት የተመለሰ ሁሉ ግን ይህ ዕጣ አይደርሰውም። 1ኛው የመገናኛ ብርጌድ በ1966 እ.ኤ.አ. ቬትናም ውስጥ ተቋቋመ። ስሙ ብርጌድ ይሁን እንጂ ከ20,000 በላይ ሰው ነበረው፤ ከክፍለ ጦር ይበልጣል። በ1972 ከቬትናም ሲወጣ አገር ቤት አልገባም። ቀጥታ ደቡብ ኮሪያ ተዛወረ፣ እዚያው ቀረ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። የምድር ጦሩ ከትልልቅ አገሮች ጋር ለሚደረግ ጦርነት ሲዘጋጅ ክፍለ ጦሩን መልሶ ማዕከል አድርጓል፤ የመገናኛ ሻምበሎቹንም ከብርጌዶች እየሰበሰበ ክፍለ ጦር ሥር ያስገባቸዋል። በዚህ መንገድ የቆየ ስም ሲመለስ፣ ባንዲራውን የሚይዘው ልጅ ባግዳድ ሲዘመት ገና ዳዴ ይል የነበረ ሊሆን ይችላል። የኢራቅ ጥብጣብ ግን ዘንጉ ላይ አለ።