የማህፀን ካንሰሮችና ልጅ የመውለድ ተስፋ

«የማህፀን ካንሰር» ሲባል ብዙ ሰው አንድ በሽታ ይመስለዋል። ግን የሴት የመራቢያ አካላት ካንሰር ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው። የማህፀን በር፣ የማህፀን፣ የኦቫሪ ማለትም የእንቁላል ማምረቻ፣ የብልት ውስጠኛ ክፍልና የብልት ከንፈር ካንሰር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙም አያጋጥሙም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ መከላከል እየተቻለ ይገድላልና። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660,000 ገደማ ሴቶች እንደያዛቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት ወደ 350,000 ሴቶች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ቀን ያገኘዋል፤ ሰውነትም ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቫይረሱ ተገኘባት ማለት ነውር ሠራች ማለት አይደለም። በሀፍረት ከምርመራ የሚቀሩ ሴቶች ስላሉ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው ቫይረሱ አልለቅም ሲል ነው። ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ሲጋራ ያግዘዋል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች አደጋው 6 እጥፍ ነው።

ያ ሁሉ ዓመት ለእኛ ዕድል ነው። አንዱን ምርመራ እንየው። ባለሙያዋ በኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ በውሃ አቅጥና በጥጥ ማህፀን በሩን ትቀባለች። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ገና ካንሰር ያልሆነ ቁስል ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይወገዳል። ማህፀኑ አይነካም። የኤችፒቪ መከላከያ ክትባት ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች ቢሰጥ ይመረጣል።

የማህፀኑን የራሱን ካንሰር የመያዝ ዕድል ከሚጨምሩት ውስጥ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ስኳር በሽታና ወር አበባን የሚያዛባው ፒሲኦኤስ የተባለ የሆርሞን ችግር ይገኙበታል። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የኦቫሪው ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ሆድ መነፋትና ቶሎ መጥገብ ማን ካንሰር ነው ይላል? ለጤነኛ ሴቶች ሁሉ የሚሆን አስተማማኝ ቅድመ ምርመራም የለውም። እናት ወይም እህት ይዟት ከነበረ ሲበላሹ ለዚህ ካንሰር የሚያጋልጡትን ብራካ የተባሉ ጂኖች መመርመር ይጠቅማል።

ልጅ የምትፈልግ ሴት በጊዜ ከደረሰች መንገዱ ሁሉ ዝግ አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ማህፀን በሩ ብቻ ወጥቶ ማህፀኑ የሚቀርበት ትራኬሌክቶሚ የተባለ ቀዶ ሕክምና አለ። በኋላ ማርገዝ ይቻላል፤ ያለ ጊዜ የመውለድ ስጋት ግን ይጨምራል። ገና ጅምር ላይ ያለና ቀስ ብሎ የሚያድግ የማህፀን ካንሰር በፕሮጄስትሮን እንክብል ወይም ሆርሞን ባለው ሉፕ ለጊዜው ሊታከም ይችላል፤ የቅርብ ክትትል ግድ ነው። የኦቫሪው ካንሰር በአንድ ጎን ብቻ ካለ ሌላኛውን ጎን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ኬሞቴራፒና ጨረር እንቁላልን ይጎዳሉ። ስለዚህ «መውለድ እፈልጋለሁ» የሚለው ንግግር ከሕክምናው በፊት መምጣት አለበት። እንቁላል አውጥቶ ለማቀዝቀዝ 2 ሳምንት ገደማ ይበቃል። ከጨረር ለማራቅ ኦቫሪን በቀዶ ሕክምና ወደ ላይ ማዛወርም ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች የማይነገራቸው ነገር አለ፦ ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር ማህፀኑንም ይጎዳዋል። እንቁላሉ ቢተርፍም ማህፀኑ እርግዝና መሸከም ሊያቅተው ይችላል።

ለአቅመ ሔዋን ላልደረሰች ልጅ ያለው አማራጭ ከኦቫሪዋ ቁራጭ ወስዶ ማቀዝቀዝና በኋላ መልሶ መትከል ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሕፃን እ.ኤ.አ. በ2004 ቤልጂየም ውስጥ ተወልዷል። ካንሰሩ ራሱ የኦቫሪ ከሆነ ግን ቁራጩን መመለስ በሽታውን አብሮ ሊመልስ ይችላል። ልጅቷ ራሷ መጠየቅ አትችልም፤ ወላጆቿ ይጠይቁላት።