ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ ምንድን ነው? ጡንቻን ማደናገር ግን አይደለም

«ሰውነትህ ለምዶታል፤ በየሳምንቱ ስፖርቱን ቀያይር፣ ጡንቻህን አደናግረው፣ ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ ማለት እሱ ነው።» ይህን ምክር ስንት ጊዜ ሰማሁት! አንዱማ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንኑ ስኳት (ቁጭ ብድግ) የሠራ ሰው ጊዜውን አቃጥሏል እስከ ማለት ደርሷል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ ማለት እንቅስቃሴውን ሳይቀይሩ ጭነቱን በትንሽ በትንሹ ማሳደግ ነው። ለኛ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የቆየ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ዴሎርም የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። የዘመኑ ልማድ ቀላል ክብደት ብዙ ጊዜ ማመላለስ ነበር። እሱ ግን ከባድ አስነሳቸው። ታካሚው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለውን ክብደት በየሳምንቱ ይለካል፤ ጭነቱንም በዚያው ልክ ያሳድጋል። ሥራውን በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ልብ በሉ፣ እንቅስቃሴው ያው ጉልበት መዘርጋት ነው። የተቀየረው ኪሎው ነው።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ይህ አይከብደውም። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ናት። ስትገራለት ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ ይይዛል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። «ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥር የለ እንዴ? ይኸው መቀያየር!» የሚለኝ ተከራካሪ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቃሉም ምሥጢሩም አዲስ ነው። ልኩ ግን ያው ነው፤ የኔታም የሚያርሙት በዚያ ልክ ነው። ሰኞ ጉባኤ ቃና፣ ማክሰኞ ድጓ፣ ረቡዕ አቋቋም የሚቀምስ ተማሪ ግን የትኛውንም አይዘልቅም። የኔታም መሻሻሉን በምን ይለኩት?

ጂም ውስጥም እንደዚያው ነው። በ20 ኪሎ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ስኳት 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ሠራችሁ እንበል። በሚቀጥለው ሳምንት 9 ሞክሩ። ሦስቱም ዙር 12 ሲደርስ ወደ 22.5 ኪሎ ውጡና እንደገና ከ8 ጀምሩ። ደብተር ላይ ጻፉት። ከባድ ዳምቤል ከሌለ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥም ጭነት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው፤ ጡንቻው ቻለ ብላችሁ አትዝለሉ። የደም ግፊት ያለበት ደግሞ ሲያነሳ ትንፋሹን አይያዝ።

ታዲያ መቀያየሩ ለምን የሚሠራ ይመስላል? አዲስ እንቅስቃሴ ስትጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት ቶሎ ይጨምራል። ያ በአብዛኛው የነርቭ ሥርዓቱ እንቅስቃሴውን እየተማረ ስለሆነ ነው፤ ጡንቻው ገና ብዙም አላደገም። በየሳምንቱ ከቀየራችሁ ሁልጊዜ ጀማሪ ናችሁ። ሕመሙም እንዲሁ ያታልላል። ያልለመዱት ነገር በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ያሳምማል። ያንኑ ስትደግሙት ይቀንሳል። ስላመመኝ ሠርቷል፣ ስላላመመኝ አልሠራም የሚባል ነገር የለም።

መቀያየር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። መገጣጠሚያ ሲቆረቁር፣ ሲሰለች፣ ወይም ለሳምንታት ጭነቱ አልጨምር ሲል ቀይሩ። ከመቀየራችሁ በፊት ግን እንቅልፋችሁ በቂ መሆኑን እዩ።

ምግቡ ላይም ያው ስሕተት አለ። «አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ትንሽ ብላ፤ ሜታቦሊዝምህ ይደናገር» ይሉታል ክብደቱ አልቀንስ ያለውን ሰው። ሜታቦሊዝም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበት ሂደት ነው። ሰውነት እንዲህ አይታለልም። ክብደት መቀነስ የሚቆመው የቀነሰ ሰውነት ጥቂት ስለሚበቃው ነው፤ ሰውየውም ሳይታወቀው እንቅስቃሴው ይቀንሳል። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ወጣቶች ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀንሶ ሲጠኑ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል በጣም ወርዶ ነበር። መፍትሔው የሚበሉትን ከአሁኑ ክብደት ጋር እንደገና ማመዛዘን ነው።

እኛ ጋ ደግሞ አመጋገቡን የቀን መቁጠሪያው ይቀይረዋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ። ጾሙ በራሱ ሜታቦሊዝም ያድሳል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ሲቀር ፕሮቲኑ ይወርዳል፤ ስለዚህ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው ጠንከር ማለት አለበት። ጭነት እየጨመረ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። ጾሜም አልቀነስኩም የሚል ደግሞ መጀመሪያ ዘይቱን ይይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ የጾም ወጥ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ የምታበስል ሁሉ ታውቀዋለች።

የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን የምግብ ሰዓቱን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የመድኃኒቱ መጠን የተለካው ከሚበላው ጋር ነው፤ ምግቡ ቀርቶ መርፌው ከቀጠለ ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን ይወርዳል።