«ዜሮ ዶዝ» ሕፃን ማለት ምን ማለት ነው?

በጤና ቢሮዎች ሪፖርትና በክትባት ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት «ዜሮ ዶዝ» የሚለው አጠራር ተዘውትሮ ይሰማል። ብዙ ሰው አንድም ክትባት ያላገኘ ሕፃን ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በሥራ ላይ የዋለው መለኪያ ግን ከዚህ በመጠኑ ይለያል። በ6 ሳምንቱ ሊወስደው የሚገባውን የመጀመሪያውን የፔንታ ክትባት፣ ማለትም ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብ በተባለው ባክቴሪያ የሚመጣውን ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት፣ ሳያገኝ ዓመት የሞላው ሕፃን በዜሮ ዶዝነት ይቆጠራል። በዚህ አቆጣጠር ሆስፒታል ተወልዶ ክንዱ ላይ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያውን የቢሲጂ መርፌ የተወጋ፣ በዘመቻም የፖሊዮ ጠብታ የቀመሰ ልጅ ዜሮ ዶዝ ሊሆን ይችላል።

ፔንታ ለመለኪያነት የተመረጠበት ምክንያት አለው። ቢሲጂ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ እናትየዋ ከአልጋዋ ሳትነሣ ይሰጣል፤ የፖሊዮ ጠብታ በዘመቻ ጊዜ ቤት ለቤት ይዞራል። ፔንታ ግን ወይ ቤተሰቡ ሕፃኑን ይዞ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፣ ወይ መደበኛው አገልግሎት በቀጠሮ ቀን ሰፈሩ ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ፔንታ ያመለጠው ልጅ የአንድ መርፌ ጉድለት ብቻ አይደለም ያለበት፤ የጤና ሥርዓቱ ያንን ቤት ገና አለማወቁን የሚያሳይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የእርግዝና ክትትልም አልተደረገም፣ ወሊዱም እቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል።

ይኸው የ2016 ጥናት ለእኛ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰዎች ትኩረት የሚስብ ነገር ይዟል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት በአገር ደረጃ 39 በመቶ ሲሆኑ፣ ምንም ክትባት ያላገኙት ደግሞ 16 በመቶ ነበሩ። በክልል ሲታይ አዲስ አበባ 89፣ ድሬዳዋ 76፣ ሐረሪ 42፣ ሶማሌ 22፣ አፋር 15 በመቶ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር ለመግባት በሚኒባስ አንድ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፤ በዚህ አጭር መንገድ ላይ ሽፋኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። (በእንዲህ ዓይነት ጥናት ከአነስተኛ ክልሎች የሚወሰደው ናሙና ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሚዛን ማንበብ አይገባም፤ የልዩነቱ ስፋት ግን በናሙና ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም።) ከምክንያቶቹ አንዱን መገመት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከድሬዳዋ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከተማ ነዋሪ ሲሆን፣ በሐረሪ ክልል ግን የገጠሩ ድርሻ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሐረሪ ሲባል የጀጎል ግንብ ብቻ ወደ ሐሳብ የሚመጣበት ሰው በግንቡ ዙሪያ ያለውን ገጠር ይዘነጋል።

የድሬዳዋም 76 በመቶ ቢሆን ደልዳላ ቁጥር አይደለም። ከዚራና ሳቢያን ያለ ሕፃን፣ በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌ ወይም በጀልዴሳ በኩል ባለ ቀበሌ ካለ ሕፃን ጋር በአንድ አማካይ ውስጥ ተደምሯል። የከተማው ልጅ ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ሲሆን፣ የሌላው እናት ግን ደረቅ ወንዝ ተሻግራ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ መድረስ ይኖርባታል። በቆላው ደግሞ ከከብትና ከግመል ጋር ግጦሽ ፍለጋ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ አለ፤ ለእርሱ «ከ4 ሳምንት በኋላ ተመለሺ» የሚል ቀጠሮ ሲደርስ ሰፈሩ ሌላ ሆኗል።

ቢሮ ውስጥ የሚታየው ወርኃዊ ሪፖርት ይህን ሁሉ ላያሳይ ይችላል። የተቋማት ሪፖርት የሚሠራው የተከተቡትን ሕፃናት ቁጥር በአካባቢው ይኖራሉ ተብለው ለሚገመቱት ሕፃናት በማካፈል ነው። ግምቱ የሚነሣው ከዚያው ከ1999ኙ ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተደረገም። ከዚህ በላይ ደግሞ ድሬዳዋና ሐረር የጎረቤቶቻቸውም ከተሞች ናቸው፤ ለገበያም ለሕክምናም ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል የሚመጣ እናት ልጇን እዚሁ ታስከትባለች። ከላይ ያለው ቁጥር በእንግዶች ሲጨምር ከታች ያለው ደግሞ አርጅቶ ሲቀር፣ ሽፋኑ ከመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን እያለ ያልተከተበ ልጅ ይኖራል ብሎ ማሰብ ለኃላፊዎች ከባድ ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው አካፋዩን ነው።

በከተማና በገጠር መካከል ያለው ልዩነት እንዴት እንደሚፈጠር በቅርብ ለማየት አንድ ብልቃጥ ይበቃል። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ፣ ብዙ ጊዜ ለ10 ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ይመጣል፤ የቢሲጂው ለ20 ይበቃል። ሁለቱም በማሟሚያ ከተበጠበጡ 6 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ሕፃናት በሚበዙበት የከተማ ጤና ጣቢያ ይህ ምንም ችግር አይፈጥርም፤ ጠዋት የተከፈተው ከምሳ በፊት ያልቃል። ሰው በተራራቀበት የገጠር ጤና ኬላ ግን ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት እያየች ዘጠኝ ሰው የሚደርሰውን ክትባት መድፋት ይከብዳታል። መመሪያው ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ክፈቺ ይላል፤ የብክነት ሪፖርት የሚጠየቀው ግን እርሷው ናት። ስለዚህ «የኔ እህት፣ ሐሙስ ሌሎቹም ይመጣሉ፤ ያኔ ይዘሽው ነይ» ትላለች። እናቲቱ ሐሙስ የእንጨት ወይም የወተት ገበያዋን ትታ፣ ያንኑ መንገድ በድጋሚ ተጉዛ ካልመጣች፣ በመዝገቡ ላይ «ቀረች» ተብላ ትጻፋለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ በድሬዳዋ ሙቀት በሳጥን ተሸክሞ ሩቅ ሰፈር ማድረሱም የራሱ ጣጣ አለው።

እዚህ ላይ ከዜሮ ዶዝ ተለይቶ መታየት ያለበት ጀምሮ ማቋረጥ ነው። ፔንታ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ከ100 ጀማሪዎች 80ው ሦስተኛውን ከወሰዱ የማቋረጥ መጠኑ 20 በመቶ ነው። ያቋረጠው ቤተሰብ መንገዱን ያውቃል፣ ካርድም በእጁ አለ፤ የቀረው ሰልፉ ረዝሞበት፣ ልጁን ከመርፌው በኋላ አተኩሶት ደንግጦ ወይም ያናገረችው ሠራተኛ አስከፍታው ሊሆን ይችላል። ለእርሱ መልካም አቀባበልና ማስታወሻ ይበቃዋል። ዜሮ ዶዙ ግን መዝገብ ላይ ስለሌለ ማስታወሻ የሚላክለት የለም፤ ቤት ለቤት ዞሮ፣ በሚናገረው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አነጋግሮ መፈለግን ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ «ያልተሟላ ክትባት» ስም መደባለቅ በቀላሉ የሚገኙትን እየደጋገሙ መጥራትን ያመጣል።

በዓለም ደረጃም መልኩ ተመሳሳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 14.5 ሚሊዮን ዜሮ ዶዝ ሕፃናት እንደነበሩ ገምተዋል፤ ናይጄሪያ ብቻዋን 2.1 ሚሊዮን ነበራት፣ ኢትዮጵያም ብዙ ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ልጆቹ በየአገሩ ተበትነው አይኖሩም፤ በሩቅ ገጠር፣ በከተማ ዳር ድሃ ሰፈሮችና ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ተከማችተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ከተጠለለባቸው ቦታዎች መካከል ድሬዳዋና ሐረርጌ ይገኙበታል፤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ የክትባት ካርዱንም የሚያውቀውን ጤና ኬላም አብሮ ያጣል። ኩፍኝን ለመግታት 95 በመቶ ያህሉ ሁለት ጊዜ መከተብ አለበት፤ አማካዩ ቢያምርም ያልተከተቡት አንድ ሰፈር ከሞሉ ወረርሽኙ እዚያው ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረው ዓለም አቀፉ የማካካሻ ክትባት ሥራ ኢትዮጵያንም የጨመረ ሲሆን፣ ዓመት አልፏቸው የቀሩትን እስከ 5 ዓመት ድረስ ለመድረስ የታሰበ ነበር። በቤቱ ወይም በጎረቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ ያለ ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ ይጠቅማል። ፔንታ ጨርሶ ያልጀመረ ልጅ «ዕድሜው አልፏል» ተብሎ መመለስ የለበትም፣ ከመጀመሪያው መርፌ ተነሥቶ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ይቀጥላል፤ ጀምሮ ያቋረጠ ደግሞ ምንም ያህል ቢዘገይ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀምርም። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ጤና ጣቢያው መዝገቡን ያያል፤ መዝገቡ ላይ ካልተገኘም ልጁ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ክትባቱ ይሰጠዋል።