ጭነት አስተሳሰር፦ ከተሳቢ እስከ ፒክአፕ

ጭነት ማሰር ሲባል ዕቃው ከተጫነበት ሰዓት አንስቶ እስኪራገፍ ድረስ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደጎንም ሆነ ወደላይ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ከመኪናው ጋር ማዋሃድ ነው። ሥራው በተለምዶ የረዳቱና የጫኝና አውራጆች ነው ተብሎ ይታሰባል፤ መንገድ ላይ ለሚመጣው ነገር ተጠያቂ የሚሆነው ግን ሹፌሩ ነው። የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር መስመር ከፊሉን ቢጋራም ብዙው ዕቃ ዛሬም በጎማ ይጓዛል። መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ አንድ ገመድ የሚፈተነው በሙቀትም፣ በአቧራም፣ በኩርባም ነው።

«ይሄማ ከባድ ነው፣ የት ይሄዳል!»

መጫኛ ቦታ ላይ ጥቂት ሰዓት የቆመ ሰው ይህን አነጋገር ሳይሰማ አይመለስም። ጄነሬተር ወይም የወፍጮ ሞተር ተጭኖ ገመድ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ ይህ ነው። ብዙ አደጋ የሚጀምረውም ከዚህ እምነት ስለሆነ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሬን ሲያዝ የሚቆመው መኪናው ነው። ዕቃው በመጣበት ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል፤ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ካልያዘው በቀር። ከባድ ዕቃ ሰበቃው ትልቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደፊት የሚገፋው ኃይልም በዚያው ልክ ትልቅ ነው። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዕቃና ሃምሳ ኩንታል ዕቃ አንድ ዓይነት ወለል ላይ ቢቀመጡ በአንድ ዓይነት ፍሬን ይንሸራተታሉ። ልዩነቱ ሃምሳው ኩንታል ጋቢናው ላይ ሲደርስ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

የአውሮፓም ሆነ የአሜሪካ ደንብ ሒሳቡን የሚጀምሩት ከተቀራራቢ ቁጥር ነው። ማሰሪያው ወደፊት የዕቃውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደጎንና ወደኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት መቋቋም አለበት። የጎኑ ቁጥር ለአንዳንዱ የተጋነነ ይመስለዋል። በ50 ሜትር ራዲየስ የሚጠመዘዝ ኩርባ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲታለፍ ዕቃው ከክብደቱ ሩቡን ያህል ወደጎን ይገፋል። ያው ኩርባ በ55 ሲታለፍ ግፊቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ጨምሮ ግፊቱ እጥፍ ለመሆን ተቃረበ ማለት ነው።

አሁን 50 ኩንታል የሚመዝን ማሽን በእንጨት እግሩ የላሜራ ወለል ላይ ተቀምጧል እንበል። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ የ40 ኩንታል ግፊት ወደፊት ይመጣል። እንጨት በብረት ላይ የሚሰጠው ሰበቃ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ስለሆነ 15ቱን ኩንታል ወለሉ ይይዛል። የቀረውን 25 ኩንታል የሚይዝ ነገር መፈለግ የአሳሪው ፋንታ ነው።

ከላይ የሚያልፍ ገመድና በቀጥታ የሚይዝ ገመድ

በሀገራችን በብዛት የሚሠራበት ገመዱን ከአንዱ ስፖንዳ (የጭነት ሳጥኑ የጎን መዝጊያ) አንስቶ በጭነቱ አናት አሳልፎ በሌላው ስፖንዳ ማጥበቅ ነው። ይህ አስተሳሰር ዕቃውን አይዝም፤ ወደታች ተጭኖ ሰበቃውን ያሳድጋል እንጂ። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በእጅ እየተነቀነቀ የሚጠብቀው ጠፍጣፋ ቀበቶ መለያው ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 2,500 ኪሎ እንደሚችል ተጽፎበታል። ቁጥሩ ቀበቶው ሳይበጠስ የሚችለውን ይናገራል። በሰው ክንድ የሚጠብቀው ግን 300 ኪሎ፣ ጥሩ ዕቃ ከሆነ ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በሁለቱም ጎን ሲቆጠር 600 ኪሎ ወደታች ይጫናል። ከዚህ 30 በመቶው ብቻ ወደ መያዣ ኃይል ይለወጣል፤ 180 ኪሎ። እንግዲህ የጎደለንን 25 ኩንታል በዚህ መንገድ ለመሙላት 14 ቀበቶ ያስፈልጋል። ማን 14 ቀበቶ ያስራል? ገመዱ ወደታች ቀጥ ብሎ ካልወረደ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል። ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ የሚሠራ ገመድ ወደታች የሚጫነው በግማሽ ጉልበቱ ነው። ዝቅ ብለው ሰፋ የሚሉ ዕቃዎች በላያቸው በተዘረጋ ገመድ የማይያዙት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በቀጥታ መያዝ ነው። ሰንሰለቱን ከማሽኑ መያዣ ቀለበት ወደኋላ ስቦ ሻሲው ላይ ካለ መንጠቆ ጋር ማሰር፣ ወይም ዕቃውን ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) የፊት ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ክፍተቱን በእንጨት መሙላት። ያን ጊዜ የቀበቶው 2,500 ኪሎ በእውነት ሥራ ላይ ይውላል።

ሁለተኛው እጅግ ርካሹ ሆኖ ሳለ በጣም የተረሳው ነው፤ ከዕቃው ሥር ጎማ ማንጠፍ። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ የጎማ ምንጣፍ ሰበቃውን ወደ 60 በመቶ ያደርሰዋል። ያው ማሽን ጎማ ላይ ሲቀመጥ ወለሉ ብቻውን 30 ኩንታል ይይዛል። ቀሪውን አስር ኩንታል ሦስት ቀበቶ ይሞላዋል። ከ14 ወደ 3! ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭም ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ብቻ ከተሠራው ምንጣፍ ዝቅ እንደሚል ገምቶ ቀበቶ መጨመር ይገባል። በዘይት የራሰ ወይም አሸዋ የተበተነበት ወለል ግን እነዚህን ሁሉ ቁጥሮች ያፈርሳል። ከመጫን በፊት ካሶኒውን መጥረግ የማሰር ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ እዚህ ላይ መነሳቱ አይቀርም። በረጃጅሙ የተቆረጠ ከመነዳሪ ከከተማ እስከ ገጠር ዕቃ የማይታሰርበት ቦታ የለም። ማሰሪያ ሆኖ ሲያገለግል አደገኛ ነው፤ ይለጠጣልና ዕቃው ሲገፋው አብሮት ይሄዳል። በገመድ ቦታ ሲገባ ጭነት ያስጥላል፤ ተቆራርጦ ከዕቃው ሥር ሲነጠፍ ግን ጭነት ያድናል። ከገመድ ዓይነቶችም የናይለኑ ክብደት ሲመጣበት ይረዝማል፣ ዝናብ ሲነካው ይብሳል። የቃጫው በተቃራኒው ሲርስ ይኮማተርና ሲደርቅ ይላላል። ዝናብ እየጣለ የታሰረ የቃጫ ገመድ ፀሐይ ከወጣ በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ቆርቆሮ፣ ላሜራና የብሎኬት ጠርዝ ሁሉንም እንደ ቢላ ይቆርጣሉ፤ ገመዱ በሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ጎማ ወይም የተጣጠፈ ጆንያ ማስገባት ግድ ነው። መሃሉ ላይ የተቋጠረ ቀበቶ ከጥንካሬው ብዙውን ያጣል፤ የተቋጠረ ሰንሰለትም እንደዚያው።

አይሱዙ ላይ፦ የጆንያ ጭነት

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሲሚንቶና ቡና የሚጫኑበትን ዘዴ የሚያውቁ ጫኞች እጃቸው የግንበኛ እጅ ነው። የመጀመሪያው ድርድር ጆንያው ርዝመቱን ተከትሎ ይነጠፋል፣ ቀጣዩ አግድም ይሄዳል፣ ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ይመለሳል። እንደ ብሎኬት ግንብ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ስለማይውል አንዱ ጆንያ ሌላውን ይቆልፋል። ከስፖንዳው ሲያልፍ እያንዳንዱ ድርድር ወደ ውስጥ ትንሽ ይሸሻል፣ አናቱ ይጠባል። ሸራው ከለበሰ በኋላ ረዳቱ አናት ላይ ቆሞ ገመዱን ይወረውራል፤ ታች ያለው ከስፖንዳው ሥር ባለው መንጠቆ ያሳልፈውና ትንሽ ዓይን ቋጥሮ ጫፉን በዚያ ያስገባል። ከዚያ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ተክሎ፣ በጀርባው ወደ መሬት ተንጋልሎ «ሳብ!… ያዝ!» እያለ ይጎትታል። ያቺ ዓይን ገመዱን ስለምታጣጥፈው የክንዱን ጉልበት ታበዛለታለች። ጥሩ ረዳት ሲጨርስ ገመዱን በጣቱ ይመታዋል። እንደ ክራር ጅማት ከጮኸ ያልፋል፤ ደንቁሮ ከቀረ እንደገና ይፈታል።

መንገድ ላይ እንደገና ማየት

የትኛውም ጭነት ከተነሳ በኋላ ይረግጣል፤ ጆንያው ይጠቀጠቃል፣ እንጨቱ ይገጥማል፣ ሲነሳ የጠበቀው ገመድ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይላላል። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆመው ጭነታቸውን የሚዞሩ ሹፌሮች ይህን ከልምድ ያውቁታል። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ሲወርድ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጋቢናው ያዘነብላል፤ ሲወጣ ወደኋላው ስፖንዳ ይተኛል። ሁለቱንም የሚችል አስተሳሰር ያስፈልጋል፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሹፌርም እንዲሁ፤ ፍሬን የጋለበት መኪና ጭነት ተፈትቶበት ሲጨመርበት መውጫ የለውም።

በአሜሪካ ይህ ልማድ በደንብ ተጽፏል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ደንብ ሹፌሩ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆሞ ጭነቱን ያያል። ከዚያ በኋላ የሥራ ሁኔታው ሲለወጥ፣ ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ቀድሞ በመጣው ይደግማል። ከፊቱ መገደቢያ የሌለው ዕቃ ከ5 ጫማ ሳይረዝምና ከ1,100 ፓውንድ ሳይበልጥ አንድ ማሰሪያ ይበቃዋል። ከዚያ ሲከብድ ወይም እስከ 10 ጫማ ሲረዝም ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለያንዳንዱ 10 ጫማ ሌላ አንድ ይጨመራል። በዚያ ሀገር በከባድ መኪና የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ፍላትቤድ (ጎንና ጣሪያ የሌለው የጭነት መኪና) የሚነዱቱ ይህን ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል፤ የፍተሻ ጣቢያ ላይ የላላ አንድ ቀበቶ መኪና ሊያስቆም ይችላልና።

ፒክአፕ ላይ

ትንሽ መኪና ትንሽ ጥንቃቄ የሚበቃው ይመስላል። ለፍራሽ፣ ለቆርቆሮና ለኮምፔንሳቶ ግን ጠላቱ ከላይ ነው፤ ነፋስ። 1.20 በ2.40 የሆነ አንድ ኮምፔንሳቶ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋሱን ፊት ለፊት ቢቀበል ወደ 85 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያርፍበታል። አንድ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦ «እኔ እይዘዋለሁ» ማለቱ ሰውየውንም ፍራሹንም ከኋላ ለሚመጣ መኪና መስጠት ነው። የፊት ጫፉ መጀመሪያ መታሰር አለበት፤ ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነውና።

ፌሮ ሌላው ፈተና ነው። 12 ሜትር ይረዝማል፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ዘንግ 10.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሃምሳው ሲታሰር ከአምስት ኩንታል ያልፋል። ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ያንሸራትታል፤ እስሩ ላዩን ብቻ ከተያዘ መሃል ያሉት ዘንጎች እንደ ቀስት ወደ ጋቢናው መስታወት ይወጣሉ። ገመዱ እስሩን ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ጠምጥሞ ማነቅ አለበት፣ ከፊት ያለው ጫፍም በጠንካራ ጣውላ ይዘጋ። ወደኋላ ለሚተርፈው ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ማታ መብራት ይንጠለጠላል። ጎዳና ላይ እየተጎተተ ብልጭታ የሚያወጣ ፌሮ ግን ጨርቅ ቢንጠለጠልበትም አልታሰረም።

ባዶ ሮቶ ቀላል ስለሆነ ይናቃል፤ ክብ ስለሆነ ደግሞ ገመድ ይሸሸዋል። ከሥሩ በሁለት ጎን እንጨት ተሸጉጦ በሁለት መስመር ይታሰር። የጋዝ ሲሊንደር ቆሞ ይታሰራል፣ ቧንቧው ክዳን ይኑረው። ማቀዝቀዣም ቆሞ፣ ጀርባው ጋቢናውን ተደግፎ ይሂድ።

ተሳቢና ኮንቴይነር

ከትንሽ መኪና ጀርባ በሚሳብ ተሳቢ ከገመዱ በፊት የሚታሰበው ሚዛን ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መጋጠሚያው ላይ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ከጎማው ወደኋላ ካዘነበለ ተሳቢው ፍጥነት ሲያገኝ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፣ የሚስበውን መኪናም ይዞ ይገለበጣል። ያን ጊዜ የሚደረገው እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ መፍጠን ወይም መሪ መጠምዘዝ አይደለም። የደኅንነት ሰንሰለቶቹ ከመጋጠሚያው ሥር በመስቀል ይታሰራሉ፤ መጋጠሚያው ቢላቀቅ ጫፉ መሬት ሳይወጋ መስቀሉ ላይ ያርፋል።

ኮንቴይነር በአራት ማዕዘኑ በሚገቡ መቆለፊያዎች ይያዛል። አራቱም መዞራቸውን በእጅ ነክቶ ማረጋገጥ የደቂቃ ሥራ ነው። በተራ ካሶኒ ላይ ያለ መቆለፊያ ተቀምጦ በክብደቱ ታምኖ የሚሄድ ኮንቴይነር ያው «የት ይሄዳል!» የሚለው ነገር ነው። ባዶው ደግሞ በጎን ነፋስ ይበልጥ ይጋለጣል። በማኅተም ታሽጎ የመጣው ሌላ ጣጣ አለው፤ ሹፌሩ ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ አያይም። ኩርባ ላይ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሚገባው በላይ ካዘነበለ ወይም ከውስጥ የሚመታ ድምፅ ከተሰማ መቆምና ማሳወቅ እንጂ መቀጠል አይገባም።

ጭነት አናት ላይ ሰው ማስቀመጥን ማንም ሹፌር በምንም ምክንያት ሊቀበለው አይገባም። በብዛት የሚቀመጡት ጫኝና አውራጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የቀን ሥራ ያደከማቸው ወጣቶች። ለጆንያው የተሰላ ገመድ ለእነሱ አልተሰላም።

ሲራገፍ

ከአደጋው ጥቂት የማይባለው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይደርሳል። በመንገድ የተንሸራተተ ጭነት ስፖንዳውን ተደግፎ ይቆማል፤ መዝጊያው ሲነሳ ሁሉም በአንዴ ይወርዳል። ገመዱ ከመፈታቱ በፊት መኪናው ለጥ ባለ ሜዳ ይቁም፤ ጭነቱ በሁለቱም ጎን ይታይ፤ ወደ አንዱ ያዘነበለ ከሆነ በተቃራኒው በኩል ይከፈት። የሚከፍተው ሰው ከስፖንዳው ፊት ሳይሆን ከጫፉ ጎን ቆሞ፣ አንድ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ፣ ሌላ ሰው በአካባቢው አለመኖሩን ጮክ ብሎ ጠይቆ ያነሳዋል።