«እናቴ በጌታ መምጣት አታምንም» ላለኝ ልጅ እና ለሌሎቻችሁም

ሰሞኑን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ አንድ ልጅ ወደኋላ ቀርቶ አናገረኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «እናቴ በጌታ መምጣት አታምንም፤ እኔ ስነጠቅ እሷ ልትቀር ነው» አለኝ። እናቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው፣ ለካ ስለ ንጥቀት (ጌታ አማኞችን ከምድር ነጥቆ ወደ ራሱ ይወስዳል ስለሚለው ትምህርት) ጠይቋቸው «እንዲህ ያለ ትምህርት አላውቅም ልጄ» ብለውታል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህች አንድ መልስ እናቱን ከማያምኑ ቆጠራቸው።

ጥናት መምራት ከጀመርኩ ከአስራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ይህን ነገር ያልሰማሁበት ዓመት የለም። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው።

እኚህ እናት በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ በደብረ ዘይት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ማቴዎስ 24 ሲነበብ ይሰማሉ። ዕለቱ የሚታሰበው ጌታ በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ስለ ዳግም ምጽአቱ ስላስተማረው ትምህርት ነው። በየቀኑ የሚደግሙት ጸሎተ ሃይማኖትም ጌታ ተመልሶ በሕያዋንና በሙታን እንደሚፈርድ፣ ለመንግሥቱም ፍጻሜ እንደሌለው ይናገራል። ልጁ ይህን አላወቀም። ቤት ገብቶ እንዲጠይቃቸው ነገርኩት።

ጌታ ይመጣል፣ ሙታን ይነሣሉ፣ ፍርድ አለ። በዚህ ላይ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ጴንጤውም አንድ ነው። የምንለያየው በቅደም ተከተሉ ነው፤ በተለይ በራእይ ምዕራፍ 20 ላይ። ቅዱሳን ከክርስቶስ ጋር የሚነግሡበት «ሺህ ዓመት» እዚያች ምዕራፍ ውስጥ ብቻ ስድስት ጊዜ ተጽፏል። አንዳንዱ ጌታ ከመጣ በኋላ በምድር ላይ የሚሆን መንግሥት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ አሁን ያለንበት የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው ይላል፤ ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ እንዲህ ነበር ያስተማረው። መካነ ኢየሱስ የምትቀበለው የሉተራኖች የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ (1530 እ.ኤ.አ.) ከትንሣኤ በፊት ጻድቃን ምድርን ይገዛሉ የሚለውን ትምህርት አይቀበልም። አድቬንቲስቶች ደግሞ ሺሁ ዓመት በሰማይ ነው፣ ምድር ባዶ ትሆናለች ይላሉ። ታዲያ ማንን ነው ከሃዲ የምንለው? በሁለተኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ራሱ በሺሁ ዓመት መንግሥት ያምን ነበር፤ ግን እንዲህ የማያምኑ ብዙ ንጹሕ እምነት ያላቸው ክርስቲያኖች እንዳሉ በግልጽ ጽፏል። ሰውየው ለእምነቱ አንገቱን የሰጠ ነው። እሱ የታገሠውን እኛ እንዴት አቃተን?

«ንጥቀት ከሐዋርያት ጀምሮ እንዲሁ ሲያስተምሩት የኖረ ነው» የሚሉም አሉ። እኔም በዚሁ ትምህርት ነው ያደግሁት፣ አሁንም የሚያምኑበትን ወንድሞች እወዳለሁ። ነገር ግን ጌታ መጀመሪያ ከታላቁ መከራ በፊት በስውር መጥቶ ቤተ ክርስቲያንን ይወስዳል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በግልጥ ይመጣል የሚለው አከፋፈል የተስፋፋው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰባኪው ጆን ኔልሰን ዳርቢ አማካይነት ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ሰባኪ ስኮፊልድ ይህንኑ በመጽሐፍ ቅዱስ ግርጌ ማብራሪያ አድርጎ አሳተመው፤ አንባቢው ማብራሪያውን ከቃሉ እኩል ያየው ጀመር። አዲስ ስለሆነ ብቻ ስህተት ነው አልልም። ከእናትህ ጋር የምትለያይበት መስፈርት ግን ሊሆን አይችልም።

በኦርቶዶክሱ ወገን ያላችሁትም ስሙኝ። «ጴንጤዎች ንጥቀትን ከኪሳቸው አወጡት» አትበሉ። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥17 «በደመና እንነጠቃለን» ይላል። ጥያቄው ተነጥቀን ወዴት እንሄዳለን ነው። እዚያ ጌታን «ለመቀበል» የተባለው የግሪክ ቃል የሐዋርያት ሥራ 28 ላይም አለ፤ የሮም ወንድሞች ጳውሎስን መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀብለው አብረውት ወደ ከተማው ገቡ። እኛም ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ወጥተን ተቀብለን ይዘን እንገባለን እንጂ ከእንግዳው ጋር ወደመጣበት አንሄድም። ብዙ ሊቃውንት ጥቅሱን የሚያነቡት እንዲህ ነው፤ እኔም ዛሬ ወደዚህ አዘነብላለሁ።

«የክርስቶስ ተቃዋሚ» የሚለው ስም በራእይ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ጊዜ የለም፤ ያለው በዮሐንስ መልእክቶች ነው፣ እዚያም «ብዙዎች ተነሥተዋል» ነው የሚለው።

የአውሬውን ቁጥር 666ን በመታወቂያና በክትባት ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ደግሞ አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች 616 እንደሚሉ እወቁ።

«ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ስለሚባለውስ? ሒሳቡን በራሳችን አቆጣጠር እንሥራው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ በሚቆጠረው 5500 ዓመተ ዓለም ላይ ዓመተ ምሕረቱን እንደምራለን። ሰባተኛው ሺህ በ1500 ዓ.ም. አልቋል፣ አፄ ልብነ ድንግል በነገሡ ሰሞን ማለት ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚያልቀውም በ2500 ዓ.ም. ነው። ሩሲያውያንም በእነሱ ቀመር 7000ው በ1492 እ.ኤ.አ. ሲሞላ ዓለም ያልፋል ብለው የፋሲካን ሰንጠረዥ ከዚያ ወዲያ አላዘጋጁም ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ አዲስ ሰንጠረዥ መሥራት ግድ ሆነ። የአሜሪካው ዊልያም ሚለር ተከታዮች ጥቅምት 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ጌታ ይመጣል ብለው ሌሊቱን ሙሉ ጠበቁ። አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግም በ2011 እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ይመጣል አለ፣ ሲያልፍ ወደ ጥቅምት 21 ገፋው። ጌታ ግን ያቺን ቀን ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም ብሏል።

ይህን የምለው ለክርክር አይደለም። የማውቃት አንዲት ልጅ «ጌታ በዚህ ዓመት ይመጣል» ብሎ አንድ ሰባኪ ሲናገር ሰምታ ዩኒቨርሲቲ አቋረጠች። ዓመቱ አለፈ። ሰባኪው ይቅርታ አልጠየቃትም። ልትመለስ ስትሄድ ቦታዋን አጥታ ከዜሮ ጀመረች፤ ከሁሉ የከፋው ግን ለሁለት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ መክፈት አልቻለችም።

ስለዚህ ቀን የተጻፈበት መልእክት በቴሌግራም ሲደርሳችሁ አታስተላልፉ። የላከላችሁን ሰው ደውላችሁ በፍቅር አናግሩት። ቤት ውስጥ ታዳጊ ካለ ደግሞ ምን እንደሰማ ጠይቁት፤ ሳይነግራችሁ ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። እናቱ ማቴዎስ 24ን ግማሹን በቃላቸው ሲነግሩት አብሯቸው እንዳለቀሰ ነገረኝ።