ፌዴሬትድ ፕሮፋይል ምንድን ነው?

በአንድ ኩባንያ እጅ ባለ መድረክ ላይ ፕሮፋይል ማለት በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ነው። ተጠቃሚው ስሙን ሲቀይር መዝገቡ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ ገጹን የከፈተ ሁሉ አዲሱን ስም ያያል። ፌዴሬትድ በሚባለው መድረክ ግን እንዲህ ያለ አንድ መዝገብ የለም። ብዙ ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዱን የሚያስተዳድረው የተለያየ አካል ነው፤ የሚያግባባቸው የጋራ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመግባቢያ ደንብ፣ ብቻ ነው። ኢሜይል ድሮም የሚሠራው እንዲህ ነው። ማስቶዶን፣ ማትሪክስና ኔክስትክላውድ ይህንኑ አሠራር ወደ ማኅበራዊ ትስስር፣ ወደ ቡድን ውይይትና ወደ ፋይል መጋራት አምጥተውታል።

ስለዚህ ፌዴሬትድ ፕሮፋይል የምንለው በአንድ ሰርቨር ላይ ተከፍቶ ቅጂው በሌሎች ሰርቨሮች ላይ የሚቀመጥ የተጠቃሚ መግለጫ ነው። ይህን የሚነድፍ ባለሙያ ፎቶው ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ከማለቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የትኛው መረጃ ከመነሻው ሰርቨር ይወጣል? ከወጣስ በኋላ ማን ያዝበታል?

አድራሻውን እንይ። «አስተባባሪ» የሚለውን የተጠቃሚ ስም በአንዱ ሰርቨር አንድ ሰው፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ሙሉ መለያው ሁለት ክፍል የሚኖረው ለዚህ ነው፤ የተጠቃሚው ስምና የሰርቨሩ ስም። ብዙ ዲዛይነሮች ገጹ እንዳይጨናነቅ ብለው ሁለተኛውን ይደብቁታል። ከተለያዩ ድርጅቶች የመጡ ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ አብረው በሚሠሩበት መድረክ ይህ አደገኛ ይመስለኛል። የማሳያ ስምንና ፎቶን ማንም መገልበጥ ይችላል፤ የሌላን ድርጅት ሰርቨር ስም ግን እንደዚያ በቀላሉ መውሰድ አይቻልም። በተለይ ሰነድ የማረም ፈቃድ በሚሰጥበት ቦታ ከውጭ የመጣ ሰው ስም ከነሰርቨሩ መታየት አለበት።

አንድ ሰው ያንን አድራሻ በመፈለጊያው ሲጽፍ፣ የፈላጊው ሰርቨር በ2013 እ.ኤ.አ. ደረጃ ሆኖ በወጣው፣ ዌብፊንገር በተባለ የአድራሻ መጠየቂያ ፕሮቶኮል ወደ ተጠቀሰው ሰርቨር ሄዶ ፕሮፋይሉ የሚገኝበትን ቦታ ይጠይቃል። እንደ ማስቶዶን አክቲቪቲፐብ በተባለው ፕሮቶኮል በሚሠሩ መድረኮች ከዚያ የሚመጣው አጭር ሰነድ ነው፤ የማሳያ ስም፣ መግለጫ፣ ምስል፣ መልእክት የሚደርስበት አድራሻ፣ በተለምዶም የመልእክቶቹን ፊርማ ለማረጋገጥ የሚያገለግል የሕዝብ ቁልፍ ይይዛል። የባለቤቱ ዓይነትም ይገለጻል፤ ሰው፣ ቡድን፣ ድርጅት፣ አገልግሎት ወይም አፕሊኬሽን። ሰነዶችን በራሱ የሚያስተካክል ሮቦት እንደ ሰው እንዳይታይ ይህ ልዩነት በገጹ ላይ ጎልቶ ቢወጣ ጥሩ ነው።

ትልቁ የንድፍ ሥራ ያለው በታይነት ደረጃ ላይ፣ ማለትም የትኛውን መረጃ ማን ያየዋል በሚለው ላይ ነው። ኔክስትክላውድ ለፕሮፋይል መረጃዎች አራት ደረጃ አስቀምጧል፤ የግል፣ በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ፣ ለታመኑ ሰርቨሮች የሚላክ፣ እና ለሁሉም የሚታተም። የዚህ ጥቅሙ ምርጫው ለጠቅላላው ፕሮፋይል ሳይሆን ለእያንዳንዱ መስመር መሆኑ ነው። ስልክ ቁጥር የሥራ ባልደረቦች ብቻ ያዩታል፣ ስም ግን ወደ አጋር ድርጅት ይሻገራል። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ሲተወው የሚሠራው ምርጫ ጠባቡ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያልወጣን መረጃ በኋላ ማውጣት ይቻላል፣ የወጣን መመለስ ግን የሌሎችን ትብብር ይጠይቃል።

ምክንያቱም ለውጥም ሆነ ስረዛ የሚተላለፈው በመልእክት ነው። ፕሮፋይሉ ሲታደስ የመነሻው ሰርቨር ቅጂ ላላቸው ያሳውቃል፤ በዚያ ሰዓት ያልሠራ ሰርቨር የድሮውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የስረዛ መልእክትም የደረሰው ሰርቨር እስካከበረው ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። በማትሪክስ ደግሞ ስምና ፎቶ በየውይይት ክፍሉ የአባልነት መዝገብ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ስሙን የቀየረ ሰው የቀድሞ ስሙ በክፍሉ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ስም መቀየር ለአንዳንድ ሰው የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለመሰረዝ የሚጫኑት ቁልፍ ላይ «ከሁሉም ቦታ ሰርዝ» ብሎ መጻፍ ተጠቃሚውን ማታለል ነው፤ «የስረዛ ጥያቄ ላክ» ቢል እውነቱን ይናገራል።

ማንነትን ለማረጋገጥ ማዕከላዊ ቢሮ አያስፈልግም። ማስቶዶን የሚያደርገው፣ ፕሮፋይሉ ወደ አንድ ድረ ገጽ ከጠቆመና ድረ ገጹም መልሶ ወደ ፕሮፋይሉ ከጠቆመ ሊንኩን በአረንጓዴ ማሳየት ነው። የሚረጋገጠው የሊንኩ ባለቤትነት እንጂ የሰውየው ታማኝነት አይደለም፤ ምልክቱም ከዚያ በላይ እንዳይመስል ተደርጎ መሣል አለበት።

ገና በደንብ ያልተፈታው ሰርቨር መቀየር ነው። በማስቶዶን አካውንቱን የሚያዛውር ሰው አዲሱ ፕሮፋይል ላይ የድሮውን ይመዘግባል፣ ከዚያ ከድሮው ሆኖ ዝውውሩን ያዛል። ተከታዮቹ ይሄዳሉ፣ ጽሑፎቹ ግን እዚያው ይቀራሉ። በትብብር መድረክ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ የሰነድ ባለቤትነትና የማረም ፈቃድ ከድሮው መለያ ጋር የታሰሩ ናቸውና። ብሉስካይ የተባለው ማኅበራዊ መድረክ የሚጠቀምበት ኤቲ ፕሮቶኮል ሌላ መንገድ መርጧል፤ ቋሚውን መለያ ከሰርቨሩ ለይቶ፣ ሰው የሚያየውን ስም በላዩ ላይ ይለጥፋል፤ ሰርቨሩም ሆነ ስሙ ቢቀየር መለያው ያው ነው። አዲስ የትብብር መድረክ የሚሠራ ቡድን ይህን ምርጫ የመጀመሪያው ሰነድ ከመጋራቱ በፊት ቢወስነው ይሻለዋል፤ ፈቃዶች አንዴ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ከተበተኑ በኋላ መለያውን መለወጥ እያንዳንዱን ሰርቨር ማስማማት ይሆናል።